ከላይ መኪና መጥቷል?

የስደቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከወጣበት ሌሊት ይጀምራል። እኔ የምተርክላችሁ ሌሊት የለኝም። ከሀገሬ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እያየኝ፣ ሻንጣዬ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው። የእኛን መንገድ የምታውቁ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በሸሕዲ አድርጎ ጎንደር የሚወጣውን መንገድ በጨለማ የሚደፍረው የለም። በቀንም ቢሆን ዝም ተብሎ አይኬድበትም።

እንዴት እንደሚኬድ ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ኋላ የማወራችሁ ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከመተማ የተነሳ መኪና ሸሕዲ ሲደርስ ይቆማል። ሾፌሮቹ ይወርዱና ጥላ ስር ተቀምጠው ወደ ላይ፣ ወደ ጎንደር አቅጣጫ፣ ያያሉ። ከላይ አንድ መኪና መጥቶ፣ ሾፌሩ ወርዶ፣ መንገዱን አልፎ መምጣቱን በአፉ እስኪነግራቸው ድረስ ሞተር የሚያስነሳ የለም። ስልክማ አለ፤ በስልክ ግን አያምኑም። በስልክ “ሰላም ነው፣ ኑ” የሚለውን ሰው ማን አጠገቡ ቆሞ እንደሚያስወራው በምን ይታወቃል? ከላይ ምንም ካልመጣ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ከዋለ፣ ያን ቀን ጉዞ የለም። መንገደኛው ሻንጣውን ያወርዳል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት፣ የሌለው እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ያድራል።

እኔን እስከ ሸሕዲ የሸኘችኝ እናቴ ናት። አባቴ መተማ ገበያው ውስጥ ሳሙናና ስኳር የሚሸጥባት ሱቅ አለችው፤ ሰው ሞተ ቢሉት እንኳ ሱቁን ቢያንስ እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትሩ ሰላት፣ ሳይከፍት የማይውል ሰው ነው። ራሴ ላይ እጁን ጭኖ ዱአ አደረገልኝና ቶሎ ብሎ ፊቱን ወደ ደንበኛው አዞረ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ደግሞ ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አውጥቶ ከእኔ ጋር በሚጫን የሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ቀበረው። በዚያ መንገድ ላይ የተማረ ሰው መምሰል ጥሩ አይደለም። አጋቾች ከመኪና አውርደው ወሰዱት የሚባለው ሰው ሁሉ፣ ወይ የሚከፍልለት ዘመድ ያለው ወይ ራሱ ገንዘብ ያለው የሚመስል ነው። እስካሁን ድረስ ከኪቦርዱ ቀዳዳ ሰሊጥ ብቅ ይላል።

ሸሕዲ ላይ ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። የሻርቧን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። እውነቱን ልናገር፣ መኪና ባይመጣ ብዬ ተመኝቼ ነበር። የትምህርት ዕድል አገኘሁ ብዬ ስንት ጊዜ የዘለልኩት እኔ፣ ያን ሰዓት ከላይ ምንም ባይመጣ፣ ጉዞው ቢቀር፣ ደስ ባለኝ። “ባይመጣስ እማየ?” አልኳት። “ካልመጣማ አብረን እንመለሳለን እንጅ” አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ያለ መሰለኝ።

መጣ። የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ወርዶ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ። የእኛ ሾፌር ጋሽ መልካሙ፣ በዚያ መንገድ ላይ ያረጁ ሰው፣ ተነስተው ሄዱና አነጋገሩት። እኛም ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን።

“ከላይ እንዴት ነው?”

“አልፌ መጣሁ።”

“ሰላም ነው?”

“አልፌ መጣሁ አልኳችሁ እኮ ጋሼ።”

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም። ጋሽ መልካሙም አልጨቀጨቁትም። ወደ እኛ ዞረው “ግቡ” አሉ። በኋላ ለምን “ሰላም ነው” እንዳላለ ስጠይቃቸው፣ “ያየውን ነገረን፣ ያላየውን ምን ብሎ ይንገረን” አሉኝ። እስከ ጎንደር ድረስ መኪናው ውስጥ የሳል ድምፅ እንኳ አልተሰማም። የጎንደር መግቢያ አዘዞ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ ጮክ ብላ ስታለቅስ ነው ሁላችንም መተንፈስ የጀመርነው።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። አውሮፕላን ውስጥ የደነቀኝን ንገሪን ካላችሁኝ ምግቡም ደመናውም አይደለም። ፓይለቱ ከፊት የመጣ ሰው ሳያናግር መነሳቱ ነው። የሚያምነው ጆሮው ውስጥ የሚናገረውን ድምፅ ብቻ ነው፤ የድምፁን ባለቤት አይቶት አያውቅም። “ግራ ታጠፍ” ሲለው ይታጠፋል፣ “ውረድ” ሲለው ይወርዳል። ከሸሕዲ ለመጣ ሰው ይህ እብደት ነው።

የተሰደድኩትም ይህንኑ ልማር ነው። ዘመዶቼ አውሮፕላን የምነዳ ይመስላቸዋልና በቀላሉ ላስረዳ። ያ ጆሮ ውስጥ የሚናገረው ሰው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ይባላል። ስክሪን ፊት ተቀምጦ አውሮፕላኖች እንዳይቀራረቡ ይመራቸዋል። አሁን አሁን አውሮፕላኑ ስለበዛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር አብሮት ተቀምጦ እንዲያማክረው ይፈለጋል፤ “ይህን በዚህ በኩል ብታሳልፈው ይሻላል” እንዲለው። የእኔ ጥናት ማሽኑ እንዲህ ሲል ሰውየው መቼ ይመነው፣ መቼ አይመነው የሚል ነው። ማሽኑን የሚታመን ማድረግ፣ ካልታመነም አለመታመኑን ራሱ እንዲናገር ማድረግ። ልጅ ሆኜ ሙቀቱ ሲብስብን በገመድ የተጠለፈችውን አልጋ፣ አንገረቧን፣ ግቢ አውጥተን ነበር የምንተኛው፤ እና በላያችን ወደ ካርቱም በኩል የሚያልፉትን መብራቶች እያየሁ እንዴት አይጋጩም እያልኩ እጨነቅ ነበር። ሌላው ልጅ ከዋክብት ሲቆጥር እኔ ስፈራ ያደግሁ ነኝ። ፍርሃቴን ሙያ አደረግኩት በሉት።

ስዊድን የገባሁት በጥር ነው። የመተማን ጥር የምታውቁ፣ ቀን ላይ ጃኬት ለብሶ የታየ ሰው ታሟል የሚባልበትን ማለቴ ነው፣ እዚህ ደግሞ በረዶው እንደ ጨው ክምር መንገድ ዳር ተከምሮ ጠበቀኝ። ፀሐይ ትወጣለች ግን አታሞቅም፤ ለወጉ ያህል ብቅ ብላ ትገባለች። ምግቡን አታንሱብኝ። ዳቦ ገዝቼ ስመለከተው ከላዩ ላይ ሰሊጥ ተበትኖበታል፤ የተቆጠረ ይመስላል። እኛ ጋ በአጨዳ ጊዜ ጫማችን ውስጥ ገብቶ የምናራግፈውን እዚህ በትንሽ ብልቃጥ አሽገው ይሸጡታል። እናቴ የሰጠችኝን ወይካ፣ ደርቆ የተፈጨውን ባሚያ፣ በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠርኩ እቆጥበው ነበር።

ነዋሪ ሆኜ ልመዘገብ የሄድኩ ጊዜ ያስተናገደኝ ሰውዬ ትሁት ነው፤ እዚህ ሰው ሲከለክልህም ትሁት ነው። የት ነው የተወለድሽው አለኝ፤ መተማ አልኩት። ጻፈና ስክሪኑን አየ።

“ሱዳን” አለኝ።

“ኢትዮጵያ።”

“ካርታው ጠርዙ ላይ ነው የሚያሳየኝ።”

“ልክ ነው፣ ጠርዙ ላይ ነው። ግን በዚህኛው በኩል።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እዚያ እኮ ነው የተወለድኩት።”

“እሱን አምኛለሁ። የምጠይቅሽ ስለ ጠርዙ ነው።”

ምን ልትማሪ መጣሽ ሲለኝ፣ ማሽን የሚነግረንን መቼ ማመን እንዳለብን ነው የማጠናው አልኩት። አልሳቀም። ጥሩ ትምህርት ነው ብሎ ወደ ካርታው ተመለሰ።

አከራዬ ኢንግሪድ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷን እንደ መስጊድ በጸጥታ የምትጠብቅ ሴት ናት። ትቬትስቱጋ የሚሉት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ እንደ ሐኪም ቀጠሮ ተይዞለት ነው የሚገባው። ያለ ቀጠሮ ገብቼ አንድ ሻርብ ባጥብ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈብኝ። አንድ ቀን ደግሞ በሬን አንኳኩታ፣ ስልክ ስታወሪ ለምን ትጮኻለሽ አለችኝ። ቤተሰቤ ሩቅ ስለሆነ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና “ስልኩ ግን ቅርብ ነው” አለችኝ። እኛ ስልክ ላይ የምንጮኸው ኔትወርኩ እስኪሄድ ድረስ ያለችውን ደቂቃ ለመሙላት መሆኑን በምን ቋንቋ ላስረዳት? ብዙውን ጊዜ የማገኘው ደግሞ “የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም” የምትለዋን ልጅ ነው። ድምፅዋን ከመልመዴ የተነሳ ሰላም ልላት ይቃጣኛል። እሷን በሰማሁ ቁጥር ከቤት አንድ ሰው እስኪያነሳ ድረስ ደግሜ ደጋግሜ እደውላለሁ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ከመጣሁ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ማሽናችንን ከሌላ አካባቢ በተሰበሰበ የበረራ መረጃ መፈተን ጀመርን። ከአካባቢዎቹ አንዱ የእኛው ሰማይ ሆነ፤ ኢትዮጵያና ሱዳን። የሚፈትነው ቡድን ውጤቱን ግድግዳው ላይ ሲያሳየን ማሽኑ መንገድ እያሰመረ አውሮፕላኖቹን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይገፋል። ቦታው ከመተማ ማዶ ያለችውን ጋላባትን ተሻግሮ ያለው የሱዳን ሰማይ ነው። ምክንያቱንም ጽፎ ያስረዳል፤ አስረዳ ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። “በዚህ ቀጣና አውሮፕላኖች የመቀራረብ ዕድላቸው እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ይህ ከሁሉም የተሻለ መንገድ ነው” ይላል።

ዕድሉ ዝቅተኛ የሆነው ማዶ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ በዚያ የሚያልፍ ስለሌለ ነው። ማሽኑ ባዶ ሰማይ አየና ደህና ሰማይ ነው አለ።

ባልደረቦቼ አልደነገጡም። የተዘጋ ሰማይ በሌላ ደንብ ስለሚታገድ ምክሩ መቼም ሥራ ላይ አይውልም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለእኔ ግን ሸሕዲ ታየኝ፤ ሾፌሮቹ ጥላ ስር፣ አስፋልቱ እስከ ዓይን ጥግ ባዶ። እጄን አነሳሁና እንዲህ አልኳቸው፤ የተዘጋውን ሰማይ የምናግደው መዘጋቱ በማስታወቂያ ስለተነገረ ነው። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊትስ? አንድ ነገር ሆኖ፣ አንዳንዱ ሰምቶ መንገዱን ቀይሮ፣ ሰማዩ ባዶ መሆን ሲጀምር፣ ነገር ግን ማንም ገና ምንም ሳይል? ያን ሰዓት ይህ ማሽን የቀረውን ሰው ሁሉ ወደዚያ ይልካል።

አማካሪዬ ካሪን፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን በአጭር የተቆረጠች ሴት፣ ከስብሰባው በኋላ ፊካ እንጠጣ ብላ ወሰደችኝ፤ ፊካ ቡናና ኬክ ይዞ ማውራት ነው፣ ግን እንደኛ አይወራበትም። ይህን ሐሳብ ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከሸሕዲ አልኳትና ነገርኳት። ከላይ መኪና ካልመጣ የሚነሳ የለም፤ እኛ ጋ ባዶ መንገድ ራሱ ወሬ ነው፣ ያውም ክፉ ወሬ። ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ ሥራችን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። “ምንም አልሆነም” የሚለውን “የነገረን የለም” ከሚለው ለይቶ እንዲያውቅ፣ የነገረው ከሌለም “አላውቅም” እንዲል ማሽኑን እናስተምረው ጀመር። ጥሩ ሥራ ነው አሉኝ። ኮራሁም።

አንድ ጡረታው የተቃረበ ተቆጣጣሪ ብቻ ነበር ደስ ያላለው። በሙከራ ላይ ማሽኑ “አላውቅም” ሲለው ወንበሩን ገፋ አደረገና፣ “አውሮፕላን ሰማይ ላይ አይቆምም። አንዱ ጋ መሄድ አለበት። እሱ አላውቅም ብሎኝ ሲያበቃ፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ ማለት አይደል?” አለኝ። መልስ ሰጠሁት፤ የማይረባ መልስ፣ ከወረቀት ላይ የወጣ። የገባኝ በኋላ ነው።

እናቴ ታመመች። መጀመሪያ እግሯ አበጠ፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መተማ ያለ ሰው ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ ገዳሪፍ ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር። አሁን ማዶውም እሳት ነው፤ ከዚያ የሚሸሹት ወደ እኛ ይመጣሉ እንጂ ወደዚያ የሚታከም አይሄድም። የቀረው ጎንደር ብቻ ነው። የመተማው ሐኪም ልቧ ስለሆነ ጎንደር ትታይ፣ አትቆይ አለ። ሰይድ ይዟት ሄዶ ሸሕዲ አክስቴ ቤት አረፉና መጠበቅ ጀመሩ።

ከላይ መኪና አልመጣም። ያን ቀንም አልመጣም፣ በማግስቱም አልመጣም። እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስልክ እነካካለሁ። ስተኛ ስልኩን ጆሮዬ ስር አድርጌ ነው፤ ስነሳ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደሱ ነው። ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ተቀምጣ ነው የምታድረው አለኝ ሰይድ። እኔን ላለማስደንገጥ ሌላ ምን እየደበቀኝ እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። እኛ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ነገር አንነግርም፤ ደርሶ ለማያግዝ ሰው ምን ያደርግለታል እንላለን። ስለዚህ “ደህና ናት” ባለኝ ቁጥር ይብስ ፈራሁ።

ከቀናት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ አባቴ ነው፤ ያለውም ሸሕዲ ነው። ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ከላይ መምጣቱን ነገረኝ፤ ነገር ግን ሾፌሩ አልቆመም። ጥላ ስር የሚጠብቁት ሾፌሮች እጃቸውን ቢያወዛውዙለት ጥሩምባ እንኳ ሳያሰማ እየበረረ ወደ መተማ አለፈ። አሁን ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ መኪና መጥቷል እንሂድ ይላል። ግማሹ ሰውየው ወርዶ ካልተናገረ መጣ አይባልም፣ እንዲያውም ያልቆመው ያየው ነገር ቢኖር ነው ይላል። ጋሽ መልካሙ፣ ከሕመምተኛዋ የተነሳ፣ ቤተሰቡ ከወሰነ እኔ እነዳለሁ ብለዋል።

“ነጃት፣ አንች ሰማዩን የምታይ ነሽ” አለኝ አባቴ። “እስቲ መንገዱን እይልን።”

“አባየ፣ እኔ መንገድ አላይም። አውሮፕላን ነው የማየው፣ እሱንም በኮምፒውተር።”

“ከላይ ሲያዩት መሬቱ አይታይም?”

“አይታይም አባየ።”

ከኋላ እናቴ “ይተዋት፣ ምን ታርግ እሷ፣ አያስጨንቋት” ስትል ሰማሁ፤ በሁለት ቃል መሃል ትንፋሽ እየሳበች። አባቴ ስልኩን አልዘጋም። እንግዲህ አንች የተማርሽ ነሽ፣ አንች ያልሽውን እናደርጋለን፣ ትሂድ ወይስ ትቆይ አለኝ። ይህን ያህል ጊዜ ማሽን ሳስተምር የኖርኩትን ነገር ነበር መናገር ያለብኝ። ተናገርኩትም።

“አላውቅም አባየ።”

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጠራሁት።

“እሱንማ እኛም አናውቅም” አለ በመጨረሻ፣ ሳይቆጣ። “ላለማወቅ ነው ይህን ያህል አገር የሄድሽ?”

ያን ተቆጣጣሪ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ብቻውን የቀረውን ሰው ማለቴ ነው። አስቡልኝ፤ ትቆይ ብል ትንፋሿ ሸሕዲ ላይ ያልቅ ይሆናል፤ ትሂድ ብል በእኔ ቃል እዚያ መንገድ ላይ ትወጣለች። የሚቀጥለውን የእናቴን ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ጠበቅኩ። ሲመጣ አጭር ነበር። “ትሂድ” አልኩ። አፌ ነው እንጂ እኔ ያልኩት አልመሰለኝም። አባቴ አብሮ እንደማይሄድ ነገረኝ። የአንድ ቤት ሰው ሁሉ አንድ መኪና ላይ አይወጣም፣ አንዱ ይቅር አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እናንተም ይገባችኋል።

ያን ቀን እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ ብልም አልችልም። ከተነሱ በኋላ የሰይድ ስልክ ጠፋ፤ ያችው ልጅ ብቻ ደጋግማ ደንበኛው እንደማይገኝ ትነግረኛለች። ቢሮ ሄድኩ፣ ክፍሌ ብቻዬን መቀመጥ ስላልቻልኩ። ስክሪኑ ላይ የእኛን አገር ሰማይ ከፈትኩት። አንድ አውሮፕላን ከምዕራብ ጎንደር በላይ ያልፋል። ከፍታው ተጽፏል፣ ፍጥነቱ ተጽፏል፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ተጽፏል። ከስሩ አንዲት ሚኒባስ አለች፤ ስለሷ የተጻፈ የለም። ልኬያት ይሆን? እናቴን በገዛ አፌ ልኬያት ይሆን? ይህችው አንዲት ሐሳብ ትመላለስብኛለች። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አውሮፕላኑን እየተከተልኩ አለቀስኩ።

ካሪን መጥታ ከጎኔ ቆመች። ምን እንደሆንኩ ስነግራት፣ ማድረግ የሚቻል ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኛ ጋ ቢሆን ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ አንዱ አይዞሽ፣ ሌላው ምን አይሆኑም እያለ ይወራ ነበር። የእነሱን ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደድኩት ያን ቀን ነው። ወደ ቤቷ ሳትሄድ አብራኝ ዋለች። መጠበቁ አላስችል ሲለኝ፣ ያለ እቅድ፣ ያለ ፈቃድ፣ ስልኬ ላይ የአዲስ አበባ ትኬት ቆረጥኩ። ቢያንስ እጄ የሆነ ነገር ይሥራ ብዬ ነው።

ሲመሽ ስልኩ ጠራ።

“ገባን” አለ ሰይድ። “አዘዞ ነን። በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤቱ እየሄድን ነው።”

ጮህኩ መሰለኝ፤ ካሪን ከወንበሯ ተነሳች። አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ እያልኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱስ እንዴት ነበር አልኩት። እንዴት ነበር ብዬ ደገምኩ። “ገባን አልኩሽ እኮ” አለኝ። ከሰይድ አፍ እንዲህ ያለ አጭር መልስ ሰምቼ አላውቅም፤ ወሬኛ ነው፣ ገበያ የሄደበትን እንኳ ግማሽ ሰዓት ይተርካል። ስለ ጋሽ መልካሙ ጠየቅኩት። እሳቸው ደህና ናቸው፣ መኪናውን ግን አዘዞ አቁመውታል፣ ከእንግዲህ በዚያ አልመለስም ብለዋል አለኝ። የቀሩት ተሳፋሪዎችስ አልኩት። “እማየ ልታናግርሽ ነው” ብሎ ስልኩን ሰጣት።

እናቴ የስልክ ልማድ አላት። ምን ቢሆን፣ ታማም ደህና ሆናም፣ መቼ ነው የምትመጭ ሳትለኝ ዘግታ አታውቅም። እኔም ሁልጊዜ ሰበብ አላጣም፤ ጥናቱ፣ ፈተናው፣ ክረምቱ። ያን ቀን ግን የምነግራት ነበረኝ። ጥያቄዋን ጠበቅኩ። ሰላምታዋን ቀስ ብላ፣ እየቆመች እየተነፈሰች ጨረሰች። ብርዱ እንዴት ነው አለችኝ፣ በልተሻል ወይ አለችኝ። ስላልጠየቀችኝ እኔው ጀመርኩት።

“እማየ፣ በዚህ ወር...”

“አትምጭ ልጀ” አለችኝ።

“ምነው እማየ?”

“አትምጭ። እዚያው ሁኚ። እኔ ነይ እስክልሽ ድረስ አገርሽ እንዳትመጭ።”

ምን አየሽ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ግን እንደማትነግረኝ አውቃለሁ። እሽ በይኝ አለች። እሽ አልኳት። ደግመሽ በይው አለችኝ፤ ደገምኩላት። ከዚያ ሐኪም ቤቱ ደርሰናል፣ ልናወርዳት ነው ብሎ ሰይድ ስልኩን ዘጋው፤ ስለ ትኬቱ አልነገርኳትም።